ጅማ ሥራ አለ ያልኩ ቀን

ታፔላችንን ያወረድኩት እኔው ነኝ። ሕንፃው ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ምድር ቤት ሰዓት ከሚጠግኑት ከጋሽ በቀለ መሰላል ተውሼ ወጣሁና ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። «ሥራና ሠራተኛ አገናኝ» ይል የነበረውን ጽሑፍ ፀሐይ በልቶት ከሩቅ የሚነበበው «ሠራተኛ» የሚለው ብቻ ነበር። ጋሽ በቀለ መሰላሉን ይዘውልኝ ወደ ላይ እያዩ፣ «ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ወድቀሽ ብትሰበሪ እኔ የምጠግነው ሰዓት ብቻ ነው» አሉኝ። ወረድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተዘጋ።

ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በእንጨት ደረጃ የሚወጣ አሮጌ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነበረን። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የመንገድ ካርታ። ጡረታ መውጣቴን የሰሙ ሰዎች «ደላላ ነበርሽ አይደል?» ይሉኛል። ነበርኩም፣ አልነበርኩምም። እዚሁ አዲስ አበባ ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኝ ሞልቷል፤ እኛም ያንን እንሠራ ነበር። ስማችን የተነሳው ግን በሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ ክልል ሄዶ ሊኖር ያሰበ ሰው፣ ጓዙን ከማሰሩ በፊት እኛ ዘንድ መጥቶ «እዚያ ሥራ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ አጣርተን እንነግረዋለን። አለ ካልነው ይሄዳል፤ የለም ካልነው ይቀራል። ሥራዬ ይኸው ነበር። ስናገረው ቀላል ይመስላል።

ቤቱን የከፈቱት ጋሽ ይማም ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ረጅም ዘመን ከባድ መኪና ነድተዋል። ያልደረሱበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር የሰፈር ሰው እየመጣ «ድሬዳዋ እንዴት ነው? ጎንደር ግንበኛ ይፈለጋል?» ይላቸው ነበር። ወገባቸው መሪ መያዝ ሲያቅተው ያንኑ ጥያቄ ሥራቸው አደረጉት። እኔ የተቀጠርኩት ጸሐፊ ሆኜ ነው። ደብዳቤ እንድጽፍ፣ ስልክ እንዳነሳ፣ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሲወጡ ቤቱን እንድጠብቅ። ደመወዙ ያኖር ነበር እንጂ የሚያስወራ አልነበረም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ደንበኛ መጥቶ ሲቀመጥ፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ ተናግሮ እስኪያበቃ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ሰውየው ስለ ደመወዙ፣ ስለ ዘመዱ፣ እዚያ ስላለው አየር ያወራል። ሲጨርስ ጋሽ ይማም አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል፤ «ካልሆነስ ወዴት ትመለሳለህ?» መልስ ያለውን ሰው ሥራውን እናጣራለን ብለው በደስታ ይሸኙታል። መልስ የሌለውን፣ «በሚቀጥለው ሳምንት አስበህበት ና» ይሉታል። ብዙዎቹ ይናደዱ ነበር። ሳይመለሱ የቀሩም አሉ።

በሁለተኛው ዓመቴ ኮምቦልቻ ይዘውኝ ሄዱ። ሌሊቱን አርፈን ጎህ ሲቀድ፣ የቀን ሠራተኞች ቆመው አሠሪ የሚጠብቁበት አደባባይ ወስደው አቆሙኝ።

«እዚህ ቁሚ» አሉኝ። «እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እንዳትነቃነቂ።»

«ስንት ሰው እንዳለ ልቁጠር?» አልኳቸው።

«የመጣውን አትቁጠሪ። ሥራ ፈላጊ የትም አገር በጠዋት ይወጣል። ሦስት ሰዓት ላይ የቀረውን ቁጠሪ።»

ገባኝ። ፀሐይ ከወጣ በኋላም ብዙ ሰው አካፋና መዶሻውን ይዞ ቆሞ ከቀረ፣ ያ ከተማ ለነበሩት እንኳ ሥራ የለውም፤ አዲስ ሰው ምን ያደርግለታል? ከዚያ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄድን። እኔ የተለጠፈውን ሁሉ መገልበጥ ስጀምር እጄን ያዙኝ። ወረቀቶቹን በጣታቸው እየነኩ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ፣ የቱ ፀሐይ እንዳነጣው፣ የቱ በራሱ አሮጌ ወረቀት ላይ ደግሞ እንደተለጠፈ አሳዩኝ። አንድ ድርጅት ያንኑ የሥራ ቦታ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ለጥፏል። «ይሄ ክፍት ቦታ አይደለም» አሉኝ። «ሰው የማይቆይበት ቦታ ነው። ከዚህ የወጣውን ሰው ፈልገን እናናግር።»

የወጣውን ሰው መፈለግ የሥራችን ዋናው ነበር። አሠሪውን መጨረሻ ነው የምናናግረው፤ አሠሪ የሚነግርህ የሚፈልገውን እንጂ ያለውን አይደለም ይሉ ነበር። ከዚያ ቤት እንጠይቃለን፤ ዘመድ የሌለው ሰው የመጀመሪያውን ወር የት ያድራል? ገበያ ገብተን ባለ ሱቆቹ በምን ቋንቋ እንደሚሸጡ እናዳምጣለን። ቢሮ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጽሕፈት ቤቶቹ በምን ቋንቋ እንደሚጽፉ እናያለን፤ ክልል ከክልል ይለያያልና።

ይህን ሁሉ የምንጽፍበት መዝገብ ነበረን። ጋሽ ይማም ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ይከፍሉትና ከላይ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ገመትኩ» ብለው ይጽፉበታል። እያንዳንዷ ወሬ ከሦስቱ በአንዱ ሥር መግባት አለባት። ደንበኛው ሲመጣም ያንኑ ገጽ እናነብለታለን፤ ያየነውን እንዳየነው፣ የሰማነውን እንደሰማነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር የሽማግሌ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

ሁልጊዜ ልክ ነበርን ማለቴ አይደለም። ኑረዲን የሚባል ልብስ ሰፊ ጅግጅጋ ልሂድ ብሎ መጣ። አጣራንና አይሆንም አልነው፤ ልብስ ሰፊው ብዙ ነው፣ ቋንቋውንም አታውቅም አልነው። አዳመጠን፣ አመሰገነን፣ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሱቁ ሁለት እንደሆነ፣ እዚያው አግብቶ እንደወለደ ነገረን። እየሳቀ ነበር። ጋሽ ይማም መዝገቡን አውጥተው የጅግጅጋን ገጽ ፈለጉና ከግርጌው «ተሳስቻለሁ፤ ሰውየውን አልመዘንኩም» ብለው ጻፉበት። ኑረዲን ሲያይ ሳቁን አቆመና አንገቱን ደፋ። ጋሽ በቀለ ይህን ሰምተው፣ «እናንተና እኔ አንድ ነን፤ እናንተም ዘንድ እኔም ዘንድ የሚመለሰው የተበላሸው ነው፣ ደህና የሄደውን ማን ያየዋል» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው። ኑረዲን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ታደሰና ወደ ሰናይት ልምጣ። ይህን ለመጻፍ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ታደሰ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ሠሪ ነበር። ክሬም ሲያፈስ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የሠርግ ኬክ ላይ የሚሠራው አበባ እውነተኛ ይመስል ነበር። ሚስቱ ሰናይት በአንድ መሥሪያ ቤት ለአሥራ አራት ዓመት በጸሐፊነት የሠራች ቋሚ ሠራተኛ ናት። አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለቻቸው። ከጊዮርጊስ ከፍ ብሎ ከወላጆቿ በወረሰችው የቀበሌ ቤት ነበር የሚኖሩት። ኬክ ቤቱ ሲዘጋ ታደሰ ሥራ አጣ። ያኔ ነው ጅማ ውስጥ ትልቅ ሆቴል እየተሠራ እንደሆነና ኬክ ሠሪ እንደሚፈልግ ከሰው ሰምቶ፣ ሚስቱን ይዞ ቢሮ የመጣው።

ጋሽ ይማም በዚያ ሰሞን አንድ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቤት ተኝተው ነበር። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ጅማ መሄድ ነበረብኝ። ልጄ አንደኛ ክፍል የገባችበት ዓመት ነው፤ ትኩሳት ይዟት ሁለት ቀን ጥያት መሄድ አልቻልኩም። ስለዚህ ስልክ ደወልኩ። ጅማ የሚኖር የምናውቀው አንድ ደላላ ነበር።

«ሆቴሉ አልቋል» አለኝ። «ቀለም ተቀብቷል፣ ወንበሩ እየገባ ነው። በሚቀጥለው ወር ሥራ ይጀምራል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

መዝገቡን ከፍቼ «አየሁ» በሚለው ሥር ጻፍኩት። በዓይኔ አይቻለሁ ብሎኛላ። በማን ዓይን እንደሆነ አልጻፍኩም።

በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስቱ መጡ። ገጹን አነበብኩላቸው። ታደሰ ፊቱ ፈካ። ሰናይት ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ አስካለ፣ እኔስ? እኔ እዚያ ሥራ አገኛለሁ?» አለችኝ።

«ለጸሐፊ ሥራ የትም አይጠፋም» አልኳት።

ይህን ስላት ስለ ጅማ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰው አልጠየቅኩም ነበር። በሦስተኛው ዓምድ ሥር እንኳ አልጻፍኩትም፤ ዝም ብዬ አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። «ካልሆነስ ወዴት ትመለሳላችሁ?» የሚለውንም አልጠየቅኳቸውም። ደስ ብሏቸው ስለነበር ደስታቸውን መበጥበጥ ከበደኝ።

ሰናይት መልቀቂያ አስገባች። በአዲሱ ከተማ መታወቂያ ለማውጣት ከቀበሌ መሸኛ ያስፈልግ ነበር፤ መሸኛው እንዲጻፍላቸው ደግሞ ቤቱን አስረከቡ። የቀበሌ ቤት አንዴ ከወጣ እንደማይመለስ የአራዳ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እነሱም ያውቃሉ። እኔን አምነው ነው።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ታክሲ ስጠብቅ ታደሰን አየሁት። ከስቷል። ጃኬቱ የእርሱ አይመስልም ነበር።

«ታደሰ? መቼ መጣህ?»

«ደህና ነዎት እትዬ?» አለና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። «ሁለት ወር ሆነኝ። የአክስቴ ልጅ ቤት ነኝ። እዚህ ያገኘሁትን እሠራለሁ።»

«ሆቴሉስ?»

«አልተከፈተም።»

«መቼ ይከፈታል አሉ?»

«እንጃ። ውጪው ነው ቀለም የተቀባው። ውስጡ ገና ነው። ባለቤቶቹ ተጣልተው ሥራው ቆሟል።»

«ሰናይትና ልጅሽስ... ልጅህስ?» ምላሴ ተሳሰረ።

«እዚያው ናቸው። እዚህ የምናድርበት የለንም እኮ።»

«ለምን መጥተህ አልነገርከኝም?»

«ምን ያደርጉልኛል ብዬ ነው?» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። እንዲያውም በትሕትና ነው ያለኝ። ታክሲ መጣና ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ታደሰ በሩን ይዞ አስገባኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።

በዚያው ቀን ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ። ሁለተኛው ዓይናቸውም በዚያ ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በፋሻ ተሸፍኖ ነበር፤ የፊተኛውም ገና አልጠራላቸውም። ሁሉንም ነገርኳቸው። መዝገቡን አምጪ አሉኝና ገጹን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብኩ።

«ሆቴሉን ማነው ያየው?» አሉኝ።

«ደላላው።»

«ደላላውን ማን አየው?»

ማልቀስ ጀመርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ፣ «ነገ እንሄዳለን። እኔ አላይም፤ አንቺ ታያለሽ፣ ያየሽውን ብቻ ትነግሪኛለሽ» አሉ።

በነጋታው ከአውቶቡስ ተራ ተነሥተን ማምሻውን ጅማ ገባን። ዝናብ ነበር። በማግሥቱ ሰናይትን አገኘናት፤ ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ትኖር ነበር። በሩ ላይ ጭቃውን የምናልፍበት ድንጋይ ደርድራለች። እኛን ስታይ አልደነገጠችም። ወንበሩን ለጋሽ ይማም፣ አልጋውን ለእኔ ሰጥታ ሻይ አፈላች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ሰናይት ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

«እትዬ፣ የለም ቢሉን አንመጣም ነበር። አላውቅም ቢሉንም አንመጣም ነበር። አለ ብለውን ነው የመጣነው።» ብርጭቆውን አስቀመጠችው። «ሰባት ቢሮ ገባሁ። ሥራው ሁሉ በኦሮምኛ ነው። እኔ ሰላምታውን እንኳ አላውቅም ነበር። ይሄን አንድ ሰው ደውለው ቢጠይቁ ይነግርዎት ነበር።»

ጋሽ ይማም «እውነትሽን ነው ልጄ» አሏት።

አምስት ቀን ጅማ ቆየን። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ከተማ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ይማም በምርኩዛቸው አጠገቤ ይሄዳሉ፤ እኔ ያየሁትን እናገራለሁ። «ብዙ ሰው ቆሟል» ስል፣ «ብዙ ስንት ነው?» ይሉኛል። «ሱቁ ገበያ ያለው ይመስላል» ስል፣ «መምሰሉን ተይ፤ ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ይዞ ወጣ?» ይሉኛል። ሆቴሉ ደጅ ሄደን ዘበኛውን አናገርን። ፊት ለፊቱ ቀለሙ ያምራል። በጎን በኩል ዞሬ በመስኮት ሳይ ወለሉ ሲሚንቶ እንኳ አልፈሰሰበትም። ስልክ ከመደወል ይልቅ አንዴ በጎን ዞሬ ባየው ኖሮ።

በሁለተኛው ጠዋት አንድ ዳቦ ቤት ደጅ የተሰለፉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አየሁ። ገና ሁለት ሰዓት ነበር። ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። «ነገም እንየው» አሉ። በነጋታውም ዳቦው በሁለት ሰዓት አለቀ። ያን ጊዜ ገብተን የዳቦ ቤቱን ባለቤት አናገርናት። ከሁለቱ ጋጋሪዎቿ አንዱ ሄዶባት የቀረው ብቻውን አልቻለም። ጋሽ ይማም ወዲያው ደስ አላላቸውም፤ የወጣውን ሰው ሳናገኝ አንሄድም አሉ። ወንድሙን አገኘነው። ሰውየው አግብቶ የሚስቱ አገር ገብቷል፤ ከዳቦ ቤቱ ባለቤት ጋር ግን ምንም ቅሬታ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ነው ለታደሰ የተደወለለት።

ታደሰ መጣ። ክሬሙን አበባ ያደርግ የነበረ እጁን ሊጥ ውስጥ አስገባ። «ዳቦም ዳቦ ነው እትዬ» አለኝ፤ እንዳይከፋኝ ብሎ።

አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ እኔ ትንሽ ቀሎኝ ነበር። መዝገቡን ከፍቼ ለታደሰ ሥራ እንደተገኘለት ልጽፍ ስል ጋሽ ይማም የገጹን መገለጥ ሰሙ።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«ሥራ ማግኘቱን።»

«እሱን ተይው። የጠፋውን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሰናይት አሥራ አራት ዓመት የሠራችበት ቋሚ ሥራ። ወላጆቿ ያወረሷት ቤት። ባልና ሚስት ተለያይተው የኖሩበት ሁለት ወር። ታደሰ የተካነበት ሙያ። መኪናው እየናጠኝ ፊደሉ ተጣመመ፤ ኋላም አስተካክዬ አልገለበጥኩትም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተለወጠ። ባልና ሚስት ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገጽ ከፈትኩ፤ የእርሱን ሥራ ሳጣራ የእርሷን ለብቻው አጣራለሁ። ቀበሌ ቤት ያለውን ሰው፣ መጀመሪያ ብቻህን ሂድና ስድስት ወር ሠርተህ እይ እላለሁ። ያልሄድኩበትን ከተማ አላውቀውም እላለሁ። በዚህ ምክንያት ብዙ ደንበኛ ጠፋብኝ፤ ሌላው ቢሮ «አለ፣ ሂድ» ሲለው ወደዚያ ይሄዳል። ጋሽ ይማም ሲያረጁ ቁልፉን ሰጥተውኝ ደሴ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሲሰናበቱኝ፣ «ደንበኛ ቢሄድ ይሂድ፤ ያላጣራሽውን ቃል ይዞ አይሂድ እንጂ» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ለቅሶ ደርሼ መቃብራቸውን አይቼ ተመለስኩ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ሰዉ ማስታወቂያውን ስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ። ስልክ ላይ ያለ ማስታወቂያ ደግሞ ፀሐይ አያነጣውም፤ የቆየው ከአዲሱ አይለይም። የሚመጡትም ሥራ አለ ወይ ከማለታቸው በፊት መንገዱ ሰላም ነው ወይ ይሉኝ ጀመር። አንዳንዱን ከተማ ሄጄ ማየት አቃተኝ። «አየሁ» የሚለው ዓምድ ባዶ የቀረባቸው ገጾች በዙ። ሕንፃው ይፈርሳል የሚለው ደብዳቤ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን ሥራ ትቼው ነበር። ጎረቤቶቼ እዚህም እዚያም ተበተኑ። እኔም ከከተማው ጫፍ ልጄ ዘንድ ገባሁ።

ባለፈው ዓመት ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ሰናይት ነኝ። የጅማዋ።»

ቁጭ አልኩ። ደህንነቷን ጠየቅኳት። ኦሮምኛውን ለሁለት ዓመት ተምራ አንድ የግል ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እንደተቀጠረች፣ ታደሰ ዛሬም እዚያው ዳቦ ቤት እንደሆነ፣ ልጃቸው ትምህርቷን እንደጨረሰች ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ወንድሜን ኤርሚያስን ያውቁት ይሆን? አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሁን ጅማ አንድ ትልቅ የቡና መጋዘን ሰው እየቀጠረ ነው የሚል ሰምቶ ልምጣ አለኝ። ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ። ምን ብዬ ልመልስለት?»

«እኔ ጅማን ካየሁ ቆየሁ፤ አላውቅም» አልኳት።

ወረቀት ስትፈላልግ ተሰማኝ።

«እንግዲያው እንዴት እንደሚታይ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። በስንት ሰዓት ወጥታ የት እንደምትቆም፣ ማንን እንደምታናግር፣ ማንን መጨረሻ እንደምታናግር፣ ለሚስቱም ለብቻ እንድትጠይቅላት። እየጻፈች ነበር፤ ብዕሯ ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ ዞረች። በሳምንቱ ደወለችልኝ። መጋዘኑ አለ፤ በዓይኗ አይታዋለች፤ ሰውም ይቀጥራል። ግን ለቡናው ወቅት ብቻ ነው። አምና የተቀጠሩ ሁለት ሴቶች አግኝታ፣ ወቅቱ ሲያበቃ እንደተሰናበቱ ነግረዋታል።

«ለኤርሚያስ ምን አልሽው?»

«ሥራህን እንዳትለቅ፤ ከፈለግህ በዓመት ፈቃድህ ና እና ራስህ እየው አልኩት። ‹ከተማዋን ለብቻሽ ልትበያት ነው?› አለኝ። ተቀይሞኛል። ስልኬን አያነሳም፤ ለበዓል እንኳ አልደወለልኝም።»

«ሥራውስ?»

«እሱንማ አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ማተሚያ ቤቱ እንደሚገባ ሚስቱ ትነግረኛለች።» ከዚያ፣ «ያን ጊዜ እርስዎም እንዲህ ብለውን ቢሆን ኖሮ» አለችኝ፣ «እኔና ታደሰም እንቀየምዎት ነበር። በጣም ነበር የምንቀየምዎት።»

«ምነው በተቀየማችሁኝ» አልኳት።

«ምነው በተቀየምንዎት» አለች ሰናይት።